ለቤተሰብ የመኪና ጉዞ የሚሆን ስንቅ፦ ወጪው ቀላል፣ ሙቀት የማይበግረው

የስንቅ ዝግጅት የሚጀምረው ሰዓት ከመቁጠር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚደርስ ቤተሰብ 2 ሰዓት ላይ ቁርስ፣ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ምሳ፣ 9 ሰዓት ላይ መክሰስ ይፈልጋል። በየመሀሉ ደግሞ ከኋላ ወንበር «ራበኝ» የሚል ድምፅ አይጠፋም፤ ግማሹ መሰልቸት ነው። እነዚህን ሰዓቶች ወረቀት ላይ ጽፎ ከየአንዳንዳቸው አጠገብ የሚበላውን መሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስንቁን ርካሽ የሚያደርገው ግን ከሁሉም በላይ ይኸው ወረቀት ነው። ቶሎ የሚበላሸው ቀድሞ ይበላል፣ ቅዝቃዜ የሚፈልገው ለምሳ ይመደባል፣ ሙቀት የማይበግረው ወደ መጨረሻ ይሄዳል። እንዲህ ከተደለደለ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሳጥን አያስፈልግም፤ ሲደረስ የሚደፋ ምግብም አይኖርም።

ወጪው የሚያብጠው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው «እንዳያንስ» ተብሎ ተትረፍርፎ የሚሠራውና የሚጣለው ነው። ሁለተኛው ቤት ተረስቶ መንገድ ላይ አስወድዶ የሚገዛው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ነው። ሥጋና አይብ ላይ ተጨንቆ ቆጥቦ ውሃ የረሳ ሰው ቁጠባው እዚያው ያልቃል።

ምግብ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ምግብ የሚያበላሹና ሰው የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ሁኔታው ከተመቻቸላቸው ቁጥራቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የበሰለ ጥራጥሬ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና የተቆረጠ ፍራፍሬ ያለ ቅዝቃዜ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ያላቸው ጊዜ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ከቆየ ደግሞ ውስጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከውጭው አየር በ15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። «ውጭው እኮ ቀዝቀዝ ብሏል» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም።

አሽትቶ ወይም ቀምሶ መፈተሽም መተማመኛ አይሆንም። ሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያንና ሆድ የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ምግቡ ሽታውም ጣዕሙም ደህና ሆኖ ሊያሳምም ይችላል። ሰዓቱን መቁጠር ይሻላል። ቆጠራው ደግሞ የሚጀምረው መኪናው ሲነሳ ሳይሆን ምግቡ ከምድጃ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ወይም ከፍሪጅ ሲወጣ ነው።

ከዚህ ሕግ ነፃ የሆኑት ደረቆቹ፣ ጨዋማዎቹና ስኳር የበዛባቸው ናቸው፦ ዳቦ፣ ብስኩት፣ የተቆላ እህል፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምርና ዘቢብ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ማርና ማርማላታ፣ ያልተላጠ ፍራፍሬ፣ ያልተከፈተ ቆርቆሮ። የስንቁ ሁለት ሦስተኛ ከእነዚህ ቢሆን በጀቱም ሳጥኑም ይቀላል።

ዳቦና በመሀሉ የሚገባው

ለሳንድዊች የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ዳቦ ከትኩሱ ይሻላል። ትኩስ ዳቦ ሲቆረጥ ይፈራርሳል፤ ሲታሸግ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ዳቦው ላይ ያርፋል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚወጣው የላቆጠ ነገር ነው። ትኩስ ከተገዛም ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ወደ ፌስታል መግባት የለበትም።

ዳቦ የሚላቁጥበት ሌላው ምክንያት በመሀሉ የገባው ነገር የሚያወጣው ውሃ ነው። መድኃኒቱ ስብ ነው፦ ሁለቱንም ቁራጭ እስከ ጠርዙ ድረስ ስስ አድርጎ ቅቤ ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ መቀባት። ስቡ ውሃውን ያግዳል። መሀሉን ብቻ ቀብቶ ጠርዙን መተው ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ውሃው የሚገባው በጠርዝ በኩል ነውና። ቲማቲም፣ ኪያርና ሰላጣ ቅጠል ግን ምንም ቢቀባ አብረው ማደር የለባቸውም። ለብቻቸው በክዳን ዕቃ ተይዘው ሊበሉ ሲሉ ይጨመሩ። ቲማቲሙ አስቀድሞ መቆረጥ ካለበት ፍሬውና ጭማቂው ይውጣ፤ ጨው እዚያው ሲበላ እንጂ ቤት አይነስነስበት፤ ጨው ውሃውን ስቦ ያወጣዋል።

መጠኑ፦ ለአንድ አዋቂ 4 ቁራጭ፣ ለልጅ 2 ቁራጭ ለምሳ ይበቃል። ሁለት አዋቂና ሦስት ልጅ ላለው ቤተሰብ 14 ቁራጭ ማለት ነው፤ ለመጠባበቂያ 4 ቢጨመር 18፣ ይኸውም አንድ መደበኛ ተቆራጭ ዳቦ ገደማ። ጠንካራ ፎርማጆ ከተጨመረ ለአንድ ሳንድዊች 30 ግራም በቂ ነው። የተከተፈ ፎርማጆ ከመግዛት አንዱን ጥቅል ገዝቶ ቤት መቁረጥ ይረክሳል፤ ቁራሹም ቶሎ አይደርቅም። ለስላሳና እርጥብ አይብ ለረጅም መንገድ አይመከርም።

ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ዘዴ አለ፦ ሳንድዊቹን ከነተሠራው ማታ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ፎርማጆና የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ የዶሮ ሥጋ በደንብ ይበረዳሉ። ጠዋት ከፍሪዘር ወጥተው ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቀስ ብለው ይሟሟሉ፤ በዚያ መሀል ሌላውን ምግብ ያቀዘቅዛሉ። የዶሮው ሥጋ ያለበት እስከሚበላ ድረስ ከሳጥኑ አይወጣም። ለፍሪዘር የማይሆኑት የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ላስቲክ ስለሚሆን፣ ማዮኔዝ ስለሚለያይ፣ ቲማቲምና ኪያር ደግሞ ሲሟሙ ውሃ ብቻ ስለሚሆኑ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት ይጠቅለል፤ ሁሉም ባንድ ላይ ከተነባበረ ይጣበቃል።

ስለ ማዮኔዝ አንድ ነገር፦ ሰው የሚፈራው እሱን ነው፤ ፋብሪካ የሠራው ማዮኔዝ ግን ሆምጣጤና ሎሚ ስላለበት አሲዳም ነው፣ ባክቴሪያ አይወደውም። አደጋው የሚመጣው አብሮት ከሚቀላቀለው ድንች፣ እንቁላልና ዶሮ ነው። ቤት ውስጥ በጥሬ እንቁላል የተመታ ማዮኔዝ ግን ከነጭራሹ ለመንገድ አይሆንም።

እንቁላል፣ ድንች፣ ዶሮ፣ ሩዝ

በዋጋና በሚያጠግበው መጠን ሲታይ ከእንቁላል የሚሻል የመንገድ ምግብ ማግኘት ይቸግራል። ውሃው ከፈላ በኋላ እንቁላሉን ቀስ ብሎ ማስገባትና ከ10 እስከ 12 ደቂቃ መቀቀል፣ ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መንከር ነው። ከዚህ በላይ የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል፤ የነጩ ሰልፈርና የአስኳሉ ብረት ሲገናኙ የሚፈጠር ስለሆነ አይጎዳም፤ ሽታው ግን ይከፋል፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ እጥፍ ይከፋል። እንቁላል መኪና ቆሞ፣ ሰው ወርዶ ነው መበላት ያለበት።

አይላጥ። ቅርፊቱ ለስንቅ የተሠራ ማሸጊያ ነው። ሆኖም የተቀቀለ እንቁላል ከጥሬው ቀድሞ እንደሚበላሽ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሲቀቀል ቅርፊቱን ከላይ የሚሸፍነው መከላከያ ስለሚለቅ ቀዳዳዎቹ ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ ቀዝቅዞ ሳጥን ውስጥ ይጓዛል፤ አለዚያ በ2 ሰዓት ውስጥ ለቁርስ ይበላል። ጨው ትንሽ ወረቀት ላይ ተጠቅልሎ አብሮ ይሂድ፤ የሚረሳው ሁልጊዜ እሱ ነው።

ድንች ሲመረጥ ትንንሹ ይሻላል፤ የሕፃን ጭብጥ የሚያክለው። ከነልጣጩ በጨው ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጠንፍፎ፣ ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ። አምስት ሰው 1 ኪሎ ተኩል ይበቃዋል። በፎይል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድንች እዚያው ፎይሉ ውስጥ እንዳለ ውጭ መቆየት የለበትም፤ አየር የሌለበት፣ እርጥብና ሞቅ ያለ ቦታ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። በትኩሱ ካልተበላ ፎይሉ ተገልጦ ወዲያው ይቀዝቅዝ።

ዶሮ የሚበስለው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያ አጥንቱ ወጥቶ፣ ተዘርዝሮ፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት ጠብሶ ትኩሱን ወደ ሳጥን መክተት ትልቁ ስህተት ነው፦ አንድ ድስት ለብ ያለ ምግብ የሳጥኑን በረዶ ግማሽ ያሟሟል፣ ራሱ ደግሞ ለሰዓታት በማይሞቅ በማይቀዘቅዝ መሀል ይቆያል። ማንኛውም የበሰለ ምግብ ከአምስት ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት በሰፊ ዕቃ ተዘርግቶ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ጥልቅ ድስት ውስጥ የተተወ ምግብ ላዩ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ግማሽ ሌሊት ይሞቃል።

ሩዝን ብንተወው ይሻላል ባዮች ነን። ጥሬ ሩዝ ላይ ያለ አንድ ባክቴሪያ ምግቡ ሲበስል የማይሞት ዘር አለው፤ የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃና መርዝ ያወጣል፤ ያ መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ቤት ውስጥ ለመጠንቀቅ ይቻላል፤ መኪና ውስጥ ግን ለዚያ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያበቃ ምግብ አይደለም።

ሽንብራ፣ ኦቾሎኒና የልጆች መክሰስ

መክሰስ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚወጣው። በትንንሽ ፓኮ የሚሸጠው የሚከፈልበት ለላስቲኩና ለአየሩ ጭምር ነው። ትልቁን ከረጢት ገዝቶ ማታ በየልጁ ስም መከፋፈል ዋጋውን ይቀንሳል፤ ጥቅሙ ግን ከዚያ ያልፋል፦ የየራሱ ድርሻ ያለው ልጅ አይጣላም፣ ድርሻው ሲያልቅም ያለቀ መሆኑን ያያል። በጉዞው ሁለት ጊዜ እንጂ በአንዴ አይሰጥ።

ሽንብራ በደረቁ ተገዝቶ ሲዘጋጅ ከቆርቆሮው በጣም ይረክሳል። 1 ኩባያ ደረቅ ሽንብራ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ተዘፍዝፎ ሲቀቀል ወደ 3 ኩባያ ገደማ ይሆናል። ግማሹ በሎሚ፣ በዘይትና በጨው ተለውሶ የምሳ ሰላጣ ይሆናል፤ ቀዝቅዞ ሳጥን ውስጥ ይሄዳል። የቀረው በፎጣ ተጠራርጎ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተቀብቶ፣ በ200 ዲግሪ ኦቭን ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይጠበሳል፤ በየ15 ደቂቃው ይነቅነቅ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሳይደርቅ ከገባ በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ ኮሽ ኮሽ አይልም። ሳይቀዝቅዝ ከታሸገ ደግሞ በማግስቱ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ጨውና ቅመም ከኦቭን ሲወጣ፣ ገና ትኩስ እያለ ይነስነስበት፤ ቅመም ከመጀመሪያው ከገባ ያራል።

ፈንዲሻ በቦታ ብዛት ርካሹ ነው። ግማሽ ኩባያ በቆሎ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከ12 ኩባያ በላይ ይሰጣል። ወንበሩ ላይ መበተኑ የታወቀ ነው፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ወይም ክዳን ያለው ኩባያ ውስጥ ማድረግ ይቀንሰዋል።

ብስኩትን የሚተካ የቴምር ኳስም አለ። 2 ኩባያ ፍሬው የወጣ ቴምር፣ 1 ኩባያ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ 1 ኩባያ ኦትስ፣ ቁንጥር ጨው። ኦቾሎኒውና ኦትሱ መጀመሪያ ይፈጫሉ፣ ቴምሩ ተጨምሮ እጅ ላይ እስኪያያዝ ይቦካል፣ ከዚያ በእጅ ይድቦለቦላል፤ ከ20 በላይ ትንንሽ ኳስ ይወጣዋል። ቴምሩ ከደረቀ 10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፤ ነገር ግን በደንብ ይጨመቅ። እርጥበቱ ከበዛ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል። መፍጫ ከሌለ ቴምሩ በቢላ ደቅቆ በእጅ ቢታሽ ይሆናል፤ ክንድ ብቻ ይጠይቃል።

ቸኮሌት ሰውነት ሙቀት ሳይደርስ ጀምሮ ስለሚለሰልስ ለሙቅ ቀን አይሆንም። ማስቲካና ጠንካራ ከረሜላ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ሙሉ ወይን፣ ጥሬ የካሮት ድቡልቡል ቁራጭ፣ የተጠበሰ ሽንብራና ጠንካራ ከረሜላ ቢያንቀው መኪና እየሄደ ማንም ቶሎ ላያየው ይችላል። ሹፌሩ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ልጁ በቀበቶ ታስሯል፤ መኪናውን ዳር ለማስያዝ ብቻ ውድ ጊዜ ያልፋል። ለእነዚህ ልጆች ወይኑ ወደ ርዝመቱ በአራት ይቆረጥ፣ ካሮቱ ይቀቀል ወይም ይፈግፈግ፣ ኦቾሎኒው ዳቦ ላይ ስስ ሆኖ የተቀባ ቅቤ ይሁን። በአንኳር መልክ በማንኪያ የተሰጠ የኦቾሎኒ ቅቤም ያንቃል። ማር ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በጭራሽ አይሰጥም። ቤተሰቡ ውስጥ ወይም አብሮ በሚሄድ እንግዳ ልጅ ላይ የኦቾሎኒ አለርጂ ካለ ኦቾሎኒ ጨርሶ ወደዚያ መኪና አይግባ፤ በተዘጋ ቦታ፣ በእጅ በእጅ የሚነካካ ነገር መለየት አይቻልም።

መኪና ለሚያዞረው ልጅ ባዶ ሆድም ጥጋብም አይስማማውም። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ትንሽ ደረቅ ነገር፣ ለምሳሌ ደረቅ ዳቦ ወይም ጨዋማ ብስኩት፣ ይሻለዋል። ቅባት የበዛበት ቁርስ ከጉዞ በፊት ባይሰጠው ይመረጣል። ዝንጅብል አንዳንድ ሰውን ይረዳል። ቱናና እንቁላል መኪና ውስጥ የማይከፈትበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሽታ ማቅለሽለሹን ያስነሳዋል። ፌስታልና እርጥብ ፎጣ ልጁ እጁ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ እንጂ ከኋላ ከሻንጣ ሥር አይሁኑ።

ፍራፍሬ

ብርቱካንና መንደሪን ይቅደሙ። ልጣጫቸው ይጠብቃቸዋል፣ ጥማት ይቆርጣሉ፣ ሽታቸውም መኪናውን አያስጠላም። ሙዝ ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነው ይመረጥ፤ የበሰለው በሙቅ መኪና ውስጥ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ከሌላው ፍራፍሬ ርቆ፣ ከሁሉም በላይ ይቀመጥ፤ የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያሉትን ያበስላል፣ ከሥር ከሆነ ደግሞ ይድፈጠጣል።

ፖም ተቆርጦ እንዳይጠቁር ሎሚ ጭማቂ በተጨመረበት ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ከዚያ የቀለለው ግን ሳይላጥ ዙሪያውን በአራት ቆርጦ፣ መልሶ ገጥሞ፣ በላስቲክ ማሰር ነው፤ አየር ስለማያገኘው ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ወይን ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ ቶሎ ይለሰልሳል። ሐብሐብ ከተቆረጠ በኋላ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ምግብ ነው፤ ክብደቱም ጭማቂውም ለመኪና አይመችም።

ትኩስ ምግብ በፔርሙዝ

ምሳ ላይ ትኩስ ሾርባ ማግኘት ውድ ነገር አይደለም፤ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ነው የሚጠይቀው። ባዶው ፔርሙዝ በሚፈላ ውሃ ተሞልቶ ተከድኖ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ውሃው ይደፋ፤ ወዲያው እየተንተከተከ ያለው ሾርባ እስከ አፉ ድረስ ይሞላ። ግማሽ ብቻ የተሞላ ፔርሙዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ምግቡ ሲበላ ከ60 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት ሳይነፍሱበት የማይዋጥ ማለት ነው። ለብ ብሎ ከተገኘና ከ2 ሰዓት በላይ እንደቆየ ከተጠረጠረ መጣል ነው።

ፔርሙዙን ከጉዞው በፊት መፈተን ይቻላል፦ ማታ የሚፈላ ውሃ ሞልቶ ከ6 ሰዓት በኋላ በቴርሞሜትር መለካት። ከ60 በታች ከወረደ ያ ፔርሙዝ ለሻይ እንጂ ለምግብ አይደለም።

የምስር ሾርባ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ውስጡ ሆኖ እየወፈረ ስለሚሄድ ከወትሮው ቀጠን ብሎ ይሠራ። ፓስታና መኮሮኒ ግን ውሃውን ሁሉ ይመጥጡና ገንፎ ይሆናሉ። ሻይ ከነወተቱ አይገባ፤ ወተቱ ይበላሻል፣ የክዳኑ ጎማም ሽታውን ለሳምንት ይዞ ይቆያል። ሻዩ ለብቻ፣ የዱቄት ወተቱ ለብቻ።

ጡጦ ለሚጠባ ሕፃንም ያው ነው፦ የሚፈላው ውሃ በፔርሙዝ፣ ዱቄቱ ለእያንዳንዱ ጡጦ ተለክቶ በደረቅ ዕቃ ይያዝ፤ የሚበጠበጠው ሊጠጣ ሲል ነው። ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ከ70 ዲግሪ ያላነሰ ይሁን፤ ከዚያ ጡጦው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተይዞ ይቀዝቅዝ፤ ከመስጠት በፊት በእጅ አንጓ ላይ ይሞከር። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ይደፋል፣ ለቀጣዩ አይቀመጥም።

ውሃና ማቀዝቀዣ ሳጥን

ለ10 ሰዓት ጉዞ ለአዋቂ 2 ሊትር፣ ለልጅ 1 ሊትር እንይዛለን። ለአምስቱ ሰው 7 ሊትር ነው። ለእጅ መታጠቢያ 2 ሊትር፣ መኪናው ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ የማይነካ 3 ሊትር ሲጨመር 12 ይደርሳል። ለመታጠቢያው የቧንቧ ውሃ በአሮጌ ጠርሙስ ይበቃል፤ ምልክት ይደረግበት። «ሽንት ቤት እንዳያበዙ» ተብሎ ልጆችን ውሃ መከልከል አያዋጣም፤ ከዚያ ይልቅ ጨዋማ መክሰሱን መቀነስና በየ2 ሰዓቱ መቆም ነው።

በረዶ አይገዛ። ግማሽ ሊትርና አንድ ሊትር የሚይዙ የውሃ ጠርሙሶች ፍሪዘር ውስጥ ይግቡ፤ ትልቅ በረዶ ከትንንሽ ቁርጥራጭ በረዶ ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ ሲሟሟም ምግቡን አያርስም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀዝቃዛ መጠጥ ይሆናል። ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ እስከ አፉ አይሞላ፤ ከአንገቱ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። የብርጭቆ ጠርሙስ ይሰነጠቃልና ፍሪዘር አይግባ። በደንብ ለመርጋት አንድ ሙሉ ቀን ይስጡት፤ ማታ ገብቶ ጠዋት የወጣ ትልቅ ጠርሙስ መሀሉ ውሃ ሆኖ ይገኛል።

ሳጥኑ ራሱ ሌሊቱን ጥቂት የረጋ ጠርሙስ ገብቶበት ቀዝቅዞ ይደር። ሙቅ ክፍል ውስጥ የቆየ ሳጥን የጠዋቱን በረዶ ግድግዳውን በማቀዝቀዝ ያባክነዋል። ምግቡም ከፍሪጅ ወጥቶ ቀጥታ ይግባ። ከሥር ጠርሙስ፣ መሀል ምግብ፣ ከላይ ደግሞ ጠርሙስ፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ የላዩ ጠርሙስ ነው ብዙውን ሥራ የሚሠራው። ከሳጥኑ ግማሽ ያህል በረዶ ካልሆነ ለሙቅ ቀን አይበቃም። የቀረ ክፍተት በፎጣ ይሞላ።

የመጠጡና የምግቡ ሳጥን ይለይ፤ መጠጥ በየ20 ደቂቃው ስለሚፈለግ የሚከፈተው ሳጥን ቅዝቃዜውን ያጣል። ሁለተኛ ሳጥን ከሌለ ለመጠጡ ተራ ካርቶን በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይሆናል። ሳጥኑ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከፀሐይ ተከልሎ ይቀመጥ፤ የኋላው ዕቃ መጫኛ ብዙ ጊዜ ይሞቃል። ርካሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ውስጡ ቢገባ ግምቱ ያበቃል፦ ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው።

አጫጫንና መሣሪያ

የመጨረሻው የሚጫነው ስንቁ ነው፤ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ስለሆነ። የቆርቆሮ ምግብና ሙሉ የውሃ ጠርሙስ በወንበር ላይ ልቅ አይተዉ፤ መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ እንደ ድንጋይ ይወነጨፋሉ። ከወንበር ሥር ይግቡ ወይም ይታሰሩ። የሹፌሩ እግር ሥር ግን ምንም አይቀመጥ፤ ጠርሙስ ፔዳል ሥር ሊገባ ይችላል። ሹፌር እየነዳ ሳንድዊች አይበላም፤ ቆሞ ይብላ።

አንድ ትንሽ ቦርሳ ለመሣሪያው ይመደብ፦ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ቢላ ከነሰገባው፣ መክተፊያ፣ ማንኪያና ኩባያ በሰው ልክ፣ ሁለት ፎጣ፣ ሶፍት፣ ሦስት የቆሻሻ ፌስታል። ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ተጨምሮ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ ቢያዝ እጅ በየትም ይታጠባል። የእጅ ጄል ቆሻሻና ቅባት ያለበትን እጅ በሚገባ አያጸዳም፤ ከብርቱካንና ከዶሮ በኋላ ውሃና ሳሙና ነው የሚያስፈልገው።

ተከፍቶ ያላለቀ ቆርቆሮ ቱና ወይም ሽንብራ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ እንደ ማንኛውም የበሰለ ምግብ ይቆጠራል። ስለዚህ ትልቁ ቆርቆሮ ቢረክስም ሁሉም በአንድ መቀመጫ የሚጨርሰው ልክ ብቻ ይገዛ።

እንደደረሳችሁ ሳጥኑን ፈትሹ። ጠርሙሶቹ ውስጥ ገና በረዶ ካለና ምግቡ እጅ ላይ ቀዝቃዛ ከሆነ ወደ ፍሪጅ ይግባ። በረዶው ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ዶሮው ወይም እንቁላሉ ለብ ካለ ይጣል። ዳቦ፣ ፎርማጆ፣ ሙሉ ፍራፍሬና ደረቅ መክሰስ ለማግስቱ ይሆናሉ። ሳጥኑና የፔርሙዙ ክዳን ጎማው ወልቆ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠቡ፤ እስከ መልሱ ጉዞ ድረስም ተከፍተው ይቀመጡ፤ እርጥብ ሆነው ከተዘጉ ሽታው ከሚቀጥለው ስንቅ ጋር አብሮ ይጓዛል።